ክንድሽን ስጪኝ

ሸንኮራ የጫነው ያ ትንሹ ባቡር
ማክሰኞ በጠዋት ድልድዩን ሲሻገር፣
እኔም በአውቶቡስ ከላባሳ እወጣለሁ፤
ሣጥኔን ጉልበቴ ላይ አቅፌ እቀመጣለሁ፤
ፋሻ፣ ጥጥ፣ መርፌ፣ የግፊት መለኪያ፣
የስኳር መቁጠሪያ፣
ደግሞም የሰባት መንደር የሕሙማን መዝገብ፣
ዓመት እስኪጠባ ስጽፍበት፣ ስሰርዝ፣ ሳነብ።

ራምሳሙጅ በረንዳው ላይ ነው፤ «ዘገየሽ» ይለኛል።
ዘግይቼ አላውቅም፤ ግን ሰላምታው ነው፣ ይገባኛል።
ቀኝ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሏል፤
ሁለት ጣት ሄዷል፣ ሦስት ቀርቷል።
አርባ ዓመት ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣
ገጀራ ያልነካው፣
ስለት በሌለው ነገር፣ ድምፅ በሌለው፣
ጣቱን ተቀማ። ማንን ይክሰሰው?

ነገሩ እንዲህ ነበር፤
ምስማር በጫማው ሥር ገብቶ ሥጋው ውስጥ ሲቀበር
አልተሰማውም።
ሦስት ቀን ሄደበት፤ አላነከሰም፣ አልቆመም።
ምራቱ ሱርዋቲ ካልሲ ስታጥብ ነው
ውሃው ሲቀላ ያየችው።
«አላመመኝም» አለ፣ ሊያጽናናን፣ እየሳቀ፤
እኔን ግን ያ ቃል ነው ልቤን ያስጨነቀ።
«ሕመም ዘበኛ ነው፣ አባቴ፤ ሲጮህ ትረግመዋለህ፤
ዝም ያለ ሌሊት ግን፣ ሌባ ቤትህ ገብቶ፣ አንተ ትተኛለህ።»

እሱም ሸንኮራውን በዓይኑ ሲያስስ ቆይቶ፣
አንገቱን ደፍቶ፣
«አባቴም እኔም ስኳር አበቀልን ለዓለም ሻይ፤
አሁን ደግሞ ስኳር ተበቀለኝ ወይ?»

የምመልሰው ይህን ያህል ነው፤
ደጅ የተከመረ እህል ነው፤
በሩ አልከፈት ብሎ፣ ቁልፉ ዝጎበት፣
ደጁ ይሻግታል፤ ይራባል ውስጡ ቤት።
ያልገባው ስኳር በደም ሥር ይዞራል፤
ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ የእግርን ጥፍር ይቦረቡራል።
ቅጣት አይደለም፤ እርግማንም አይደል፤
የማይወጣ እንግዳ ነው፤ አመሉን ካወቁት አብሮ ይኖራል።

ፋሻውን ስጨርስ፣ ግንባሬን ስይዝ አየኝ።
«ራስሽን ያምሻል?» «ድካም ነው፤ አውቶቡሱ አናወጠኝ።»
«ባለፈው ማክሰኞም አውቶቡሱ ነበር።
ክንድሽን ስጪኝ፣ ሜሬሴይኒ፤ ይብቃሽ ነገር።»

ሳቅሁ። ጨርቁን ገልብጦ አሰረ፤ አቃናሁለት።
ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን ሲያይ ኖሯል፤ አልጠረጠርኩት።
የጎማዋን ኳስ ጨመቀ፤ አየሩ ሲተነፍስ፣
ሸንኮራ ሚዛን ላይ ሲወጣ እንደሚያደርገው፣ ከንፈሩን ሲያላውስ፣
ቁጥሩን አነበበ። ዝም አለ።
እንደገና ጨመቀ። አሁንም ያው ቁጥር አለ።

መቶ ሰባ ስምንት፤ ከታች መቶ ስድስት።
እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መዝሙር መሐል፣ ድንገት፣
ግማሽ ፊቷ ሲወርድ፣ ግማሹ ሲዘምር፣
«አመመኝ» ሳትል አንድም ቀን፣ አንድም ቀን ሳታማርር።
ለሰባት መንደር «ተለኩ» የምል፣ ያ ሁሉ ስብከቴ፣
መቼ ነው ያሰርኩት ይህን ጨርቅ ለገዛ ሕይወቴ?

ራምሳሙጅ መዝገቡን ሳበ፤ እስክሪብቶዬን ቀማ፤
«ስምሽ እንዴት ይጻፋል?» አለ።
ፊደል በፊደል ነገርኩት፣ ቀስ ብዬ፣ እንዲሰማ።
ከስሙ ሥር ጻፈኝ፤ ወፍራም፣ ጠማማ ጽሕፈት።
«ማክሰኞ እጠብቅሻለሁ። እንዳትዘገዪ፣ በእውነት።»

ማታ ጎደሬው ሲንተከተክ እጄ ወደ ጨው ሄደ።
ተመለሰ ልል ነበር፤ ውሸት ነው፤ በልማዱ ወረደ።
ግማሹን ግን በተንኩት፣
እፍኜን ከፍቼ፣ በመስኮት።

እስከ ማክሰኞ ሰባት ቀን አለ።
ክንዴ፣ ጨርቁ ያቀፈው ቦታ ላይ፣
አሁንም ይሞቀዋል።